መድኃኒት የተቀባ ብረት የወንድሜን እግር ያድነው ነበር? ከጎንደር፣ እስከ 36ኛው መልስ

ይህንን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። መልሱ ሠላሳ ስድስት ደርሷል፤ መሐሉ ላይም ወደ ባጃጅና ወደ መንገድ ጥገና ስለ ተበተነ፣ አዲስ የሚገባ ሰው ከላይ እስከ ታች ሲያስስ እንዳይደክም በተራ ቁጥሩ ልተርከው ተነሣሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም፤ የተረዳሁትን በራሴ አነጋገር አስቀምጫለሁ። ያጣመምኩት ሐሳብ ካለ ባለቤቱ ያቅናኝ።

የመክፈቻ ጥያቄዬ ይህ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ባለፈው ክረምት ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ሲመጣ የተሳፈረበት ባጃጅ ተገልብጦ ቀኝ ቅልጥሙ ተሰበረ። የአጥንቱ ስለት ቆዳውን ቀዶ በውጭ ይታይ ነበር። በማግስቱ ቁስሉ ታጥቦ፣ ከጉልበቱ ሥር እስከ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ አጥንቱ ውስጥ ረጅም ብረት ገባለት። በሳምንቱ በክራንች ሲቆም እናታችን እልል አለች። በሦስተኛው ሳምንት ግን እግሩ ሞቀ፣ ቀላ፣ ከስፌቱ ጫፍ መግል ጠብ አለ። ክኒን፣ መርፌ፣ እጥበት፣ እንደገና ክኒን ሆነ ኑሮው። በስድስተኛው ወር ብረቱ ወጣ።

የወጣውን ብረት ነርሷ በሳህን ይዛ በር ላይ አሳየችኝ። የዛገ ነገር ነበር የጠበቅኩት። ብረቱ ግን እንደ አዲስ ያብለጨልጫል። ጓንት ባጠለቀው ጣቷ ጫፉን ስትዳስሰው፣ ብሎኑ የገባበት ቀዳዳ አካባቢ እንደ ተልባ ልጋግ የሚሳብ ስስ ነገር ተከትሏት ወጣ። ስድስት ወር ሙሉ ያሰቃየን ያ ነበር። ከዚያ በኋላ በአውሮፓ ጀንታማይሲን የተባለ ፀረ-ጀርም መድኃኒት የተቀባ ብረት እንዳለ አነበብኩና ሁለት ነገር ጠየቅሁ፦ ያ ብረት ቢገባለት ኖሮ ወንድሜ ከዚህ ሁሉ ስቃይ ይተርፍ ነበር ወይ? እኛስ ለምን አንጠይቅም?

1ኛውና 2ኛው መልስ የማጽናኛ ናቸው፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። 3ኛው ሐኪሞች ገንዘብ እንጂ የታካሚ እግር እንደማይገዳቸው የሚገልጽ ምሬት ነው። ሰውየው የደረሰበትን ስላልነገረን ልመዝነው አልችልም። በወንድሜ አልጋ አጠገብ ሌሊቱን ቆመው ያደሩ ሰዎችን ስላየሁ ግን አልተቀበልኩትም።

ነገሩ የተጀመረው በ4ኛው መልስ ነው። የሕክምና ተማሪ የሆነች ልጅ፣ ነርሷ ያሳየችኝ ልጋግ ባዮፊልም እንደሚባል አስረዳችን። ጀርሙ ለብቻው ሲዋኝ መድኃኒቱም የሰውነት ወታደሮችም ይደርሱበታል። ብረት ላይ ሲጣበቅ ግን ልጋግ አመንጭቶ በውስጡ ይሸሸጋል፤ ያን ጊዜ ለመግደል የሚያስፈልገው መድኃኒት እስከ ሺህ እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ከዚህ ጋር አንድ የቆየ ሙከራ አነሣች። እ.ኤ.አ. በ1957 ለንደን ውስጥ ኤሌክና ኮነን የተባሉ ተመራማሪዎች በፈቃደኞች ቆዳ ውስጥ ስታፊሎኮከስ ጀርም አስገብተው ነበር። በባዶ ቆዳ መግል ለማስያዝ በሚሊዮን የሚቆጠር ጀርም ያስፈልግ ነበር። አንድ የስፌት ክር አብሮ ሲኖር ግን ጥቂት መቶ በቃ። አንድ ክር ይህን ካደረገ፣ ክንድ የሚያህል ብረት ምን እንደሚያደርግ አስቡት። ግሪስቲና የተባለ አሜሪካዊ ሐኪምም በ1987 ነገሩን በእሽቅድምድም መስሎታል፦ ብረቱ ላይ ቀድሞ የሚሰፍረው የሰውነት ሴል ነው ወይስ ጀርም? ቀድሞ የሰፈረ ቤቱን ይይዛል።

ብረቱን መቀባት ታዲያ ሰውነት ይህን እሽቅድምድም እንዲያሸንፍ መርዳት ነው። ይህን ያሉን በ5ኛው መልስ ከባሕር ዳር የጻፉልን አንጋፋ የአጥንት ሐኪም ናቸው። ከዚህ በኋላ ዶክተሩ እያልኩ ነው የምጠቅሳቸው። መድኃኒትን ከተተከለ ነገር ጋር ማዋሃድ አዲስ ሐሳብ አይደለም አሉ፤ ሐምቡርግ ውስጥ ቡሆልትስ የተባለው ሐኪም ጀንታማይሲንን የተተከለ ነገርን ከአጥንት ጋር ከሚያያይዘው የአጥንት ሲሚንቶ ጋር ያዋሃደው እ.ኤ.አ. በ1970 አካባቢ ነው። በብረቱ ላይ መቀባት ግን የቅርብ ጊዜ ነው። እኔ ያነበብኩት የቅልጥም ብረት በአውሮፓ ገበያ የወጣው በ2000ዎቹ አጋማሽ ሲሆን፣ ጀንታማይሲኑ በሰውነት ውስጥ ቀስ እያለ ከሚሟሟ ፕላስቲክ መሰል ነገር ጋር ተደባልቆ ከፀጉር በቀጠነ ሽፋን ይለበጣል። አብዛኛው መድኃኒት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይለቀቃል። ጥቅሙም ገደቡም እዚህ ላይ ነው፦ በቀዶ ሕክምናው ዕለት የገባውን ጀርም በቦታው፣ በደም በኩል ሊገኝ በማይችል መጠን ይመታዋል። በሞተ ሥጋና ደም ባጣ የአጥንት ፍንካች ውስጥ የተደበቀውን ግን አያሳድደውም። ያንን የሚያስወግደው የሐኪሙ መቀስና እጥበት ነው።

ከዚያ ዶክተሩ አንድ ጥያቄ መልሰው ጠየቁኝ። ወንድሜ የተሰበረው ስንት ሰዓት ነበር? የመጀመሪያዋ የፀረ-ጀርም መርፌ የተሰጠችውስ ስንት ሰዓት?

አላውቅም ነበር። ስንት ወር ሙሉ ስለ ብረቱ ሳስብ ይህንን ጠይቄ አላውቅም። ካርዱንና የመድኃኒት ወረቀቶቹን ከእናቴ ሣጥን አውጥቼ አንድ ባንድ አየሁ፤ 7ኛው መልስ የእኔ ነው። የተሰበረው ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ፤ መርፌው የተወጋው በማግስቱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት። አሥራ አምስት ሰዓት። በዚያ ሌሊት መጀመሪያ የወሰድነው ቦታ ፋሻ ጠቅልለው፣ የሕመም ማስታገሻ ሰጥተው እስኪነጋ ጠብቁ ብለውን ነበር። የቦታውን ስም አልጽፍም፤ ጥፋቱን ለማንም ለመለጠፍ አይደለም ይህን ክር የከፈትኩት። እኛም አልጠየቅንም። ደሙ ስለቆመ አደጋው ያለፈ መስሎን ነበር።

8ኛው መልስ አራዳ አካባቢ መድኃኒት ቤት ካላቸው ፋርማሲስት የመጣ ነው። ሰዓቷ ለምን እንደምትከብድ በቁጥር አሳዩን። እ.ኤ.አ. በ1974 ፓዛኪስና ባልደረቦቹ ቆዳ የቀደደ ስብራት ያላቸውን ታካሚዎች በሦስት ከፍለው አወዳድረው ነበር። ምንም ፀረ-ጀርም ካልተሰጣቸው 13.9 በመቶ አመረቀዙ። ፔኒሲሊንና ስትሬፕቶማይሲን ከተሰጣቸው ወደ 10 በመቶ የሚጠጉ። ሴፋሎቲን የተባለው፣ የዛሬው የሴፋዞሊንና የሴፍትሪያክሶን ዘመድ ከተሰጣቸው ደግሞ 2.3 በመቶ ብቻ። ስለዚህ ማንኛውም ሆስፒታል ያለው፣ ብዙ ጤና ጣቢያም የሚያገኘው ብልቃጥ፣ በጊዜ ከተወጋ፣ አውሮፓ ካለው የተቀባ ብረት በፊት የሚቆም አጥር ነው። አነጋገራቸው ጨዋ ነበር፤ እኔን ግን ቆረጠኝ።

ከ9 እስከ 11 ምሕረትና ጤና የሚመኙ መልሶች ናቸው።

በ12ኛው መልስ አንድ ወንድም ዶክተሩ ነገሩን አቅልለውታል ብሎ ሞገተ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የአውሮፓ ጥናት አመጣ። ሐኪሙ በቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛ ላይ ከመድኃኒት ጋር አዋሕዶ ብረቱን የሚቀባው፣ በሦስት ቀን ውስጥ የሚሟሟ ሙጫ መሰል ቅባት ነው። 256 ታካሚዎች ነበሩ፤ ቅባቱ ካልተደረገላቸው 6 ሰዎች አመረቀዙ፣ ከተደረገላቸው አንድም አላመረቀዘም። ይህ ተስፋ ካልሆነ ምን ተስፋ አለ ብሎ ጠየቀ። የ13ኛው መልስ ጸሐፊ ግን ጥናቱን ከነዝርዝሩ አንብባ እርማት ሰጠች። በዚያ ጥናት የተካተቱት ቆዳቸው ያልተቀደደ ስብራቶች ናቸው። ያልተቀደደ ስብራት ሲጀመርም ከመቶ አንድ ሁለቱ ነው የሚያመረቅዘው፤ በጉስቲሎ አከፋፈል ሦስተኛ ደረጃ የሚባለው ክፉኛ የተቀደደ ስብራት ግን ከመቶ ሠላሳና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል። የወንድሜ ዓይነቱን ስብራት በዚያ ጥናት መመዘን አይቻልም። 12ኛው ወንድም እርማቱን ተቀበለ፤ አመስግኜዋለሁ።

አሁን ወደ 14ኛው መልስ እደርሳለሁ፤ ከሁሉም የበለጠ ያነበብኩት እሱን ነው። የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ናት፤ ብዙ ዓመት ሠርታለች። የተቀባ ብረት ከአውሮፓ እስኪመጣ መጠበቅ የለብንም፣ በእጃችን እንሠራዋለን ብላ አሠራሩን ዘረዘረችው። ከደረት ፈሳሽ ለማውጣት የሚያገለግለውን የፕላስቲክ ቱቦ በሚፈለገው ርዝመት ይቆርጡታል፤ ውስጡን ከጀርም በጸዳ ዘይት ያለሰልሱታል። 40 ግራም የአጥንት ሲሚንቶ ዱቄት ላይ የቫንኮማይሲን ዱቄት ይነሰነስና ይዋሃዳል፤ ከዚያ የሲሚንቶው ማሟሻ ፈሳሽ ይጨመራል። ሲማሰል ሽታው ዓይን ያስለቅሳል። እንደ ቀጭን አጥሚት ሳለ በትልቅ መርፌ ቱቦው ውስጥ ይገፋል፤ ሳይጠነክርም ጫፉ እንደ ቀለበት የተቆለመመ ሽቦ መሐል ለመሐል ይገባል፤ በኋላ ለማውጣት የሚይዙት በዚያ ቀለበት ነው። ከዚያ መጠበቅ። ሲሚንቶው በራሱ ይግላል፤ እሷ በሁለት ጓንት ይዛው ሙቀቱ መዳፏ ድረስ እንደሚሰማት ጽፋለች። ሲቀዘቅዝ ቱቦው በስለት ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ እንደ ሸንኮራ ልጣጭ ይገፈፋል። የሚቀረው ነጭ፣ ለስላሳ፣ መድኃኒት የጠጣ በትር ነው።

ይህንን ሳነብ ተነሥቼ ወንድሜን ቀሰቀስኩት። ብረቱ በወጣበት ቀን የገባለት እሱ ነበርና! የቀዶ ሕክምናው ወረቀት ላይ የነበረውን ቃል እስከዚያ ቀን አልተረዳነውም ነበር። ስድስት ሳምንት በቅልጥሙ ውስጥ ቆይቶ ወጣ፤ መግሉ ደረቀ፤ ከዚያ በኋላ ነው አዲሱ ብረት የገባው። መድኃኒት የተቀባ ብረት አገራችን የለም እያልኩ ስከራከር፣ ወንድሜ እሱኑ በእግሩ ይዞ አጠገቤ ይተኛ ነበር።

15ኛው መልስ መልካም ጥያቄ ነው፦ ሲሚንቶው ያን ያህል ከጋለ መድኃኒቱ አይበላሽም ወይ? በ16ኛው ፋርማሲስቱ መለሱ። ለዚህ ሥራ የሚመረጡት ሙቀት የሚችሉት ናቸው፤ ጀንታማይሲንና ቫንኮማይሲን ከነዚያ ይመደባሉ። ያገኙትን ሁሉ መጨመር አይቻልም። መጠኑም እንደ ዓላማው ይለያያል፤ ለመከላከል በ40 ግራም ሲሚንቶ ግማሽ ወይም አንድ ግራም ሲበቃ፣ ያመረቀዘን ለማከም ከዚያ ብዙ እጥፍ ይገባል። መድኃኒት በበዛ ቁጥር ግን ሲሚንቶው ይደክማል።

ጠቡ በ17ኛው መልስ ጀመረ። አንድ ጸሐፊ ሕዝባችን ይህንን ጥበብ ከጥንት ያውቀዋል፣ የካፕሱል ቀፎ ከፍቶ ዱቄቱን ቁስል ላይ መነስነስ ምን ማለት ነው ታዲያ ብሎ ጻፈ። እሱ ራሱ የእግሩን ቁስል በዚህ እንዳዳነ መሰከረ። 18ኛው የፋርማሲስቱ ነው፤ ጨዋነታቸው እዚህ ላይ አለቀ። የካፕሱል ዱቄት ለሆድ የተሠራ ነው፣ ከጀርም የጸዳ አይደለም፣ ስታርችና ሌላም መሙያ አለበት፤ አጥንት በሚታይበት ቁስል ላይ የሚነሰንስ ሰው በወንድሙ እግር ላይ እንደሚፈርድ ይወቅ አሉ። ካፕሱሉን ያለ ማዘዣ የሸጠውም ተጠያቂ ነው ብለው የሙያ ባልደረቦቻቸውን ጭምር ወቀሱ። 19ኛው መልሶ ተቆጣ፤ ካርድ ማውጫ የሌለው ገበሬ ቀፎውን ባይከፍት ምን ያድርግ፣ ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ከላይ ወደ ታች ነው የሚያየን አለ።

የቁጣውን ምክንያት አውቀዋለሁ። ዱቄቱን ግን አልደግፍም። በአጎራባቻችን ቤት በዚሁ ምክንያት ደርቆ የተጋገረ ቢጫ ቅርፊት ከቁስል ላይ ሲነሣ አይቻለሁ፤ ከሥሩ ያለው ሥጋ ሸትቶ ነበር። ከላይ ሲታይ የዳነ ይመስላል፤ መግሉ መውጫ አጥቶ ወደ ውስጥ እንደሚሄድ ማን ያያል?

20ኛው የተማሪዋ ነው፤ ሁለቱንም ወገን ያስታረቀ ሐቅ ይዛ መጣች። ዱቄት ቁስል ውስጥ የመጨመር ሐሳቡ ራሱ ሞኝነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት አጠገብ ቅልጥማቸው ተሰብሮ በብረት የተጠገነላቸው 980 ታካሚዎች ተካተዋል። ከፊሎቹ ቁስሉ ከመሰፋቱ በፊት 1,000 ሚሊ ግራም የቫንኮማይሲን ዱቄት ተደርጎላቸዋል። በስድስት ወር ውስጥ በጥልቀት ያመረቀዙት ዱቄቱ ከተደረገላቸው 6.4 በመቶ፣ ካልተደረገላቸው 9.8 በመቶ ናቸው። ግን ያ ዱቄት በመርፌ ለመስጠት የተዘጋጀ፣ ከጀርም የጸዳ ነው፤ የገባውም ታጥቦ፣ የሞተው ሥጋ ተቆርጦ ካለቀ በኋላ በሐኪም እጅ ነው። 21ኛው የዶክተሩ ነው፤ ይህንን አጸኑ። ዳሬ ሰላም ውስጥ በሙሂምቢሊ የአጥንት ሕክምና ተቋምም ርካሹን ጀንታማይሲን በተቀደደ የቅልጥም ስብራት ቁስል ላይ የመስጠት ሙከራ መካሄዱን ነገሩን። ለእኛ የሚሆነው መንገድ ከሐምቡርግ ይልቅ ከዳሬ ሰላም ሊመጣ እንደሚችል ነው የተረዳሁት። በዚህ እኔም አምናለሁ፦ ብልቃጡ በእጃችን አለ።

22ኛው መልስ አሳሳቢውን ነገር አነሣ። ጸሐፊው የላቦራቶሪ ባለሙያ ነው። ከቁስል የሚወሰድ ናሙና ሲያበቅል፣ ለተለመደው መድኃኒት ሁሉ የማይበገር ጀርም እየበዛበት ነው፤ ጀንታማይሲንን ከእነጭራሹ የማይፈሩ አሉ። በጀንታማይሲን የተቀባ ብረት እንዲህ ዓይነቱ ጀርም ላይ እንደ ባዶ ብረት ነው። ሽፋኑ ሲያልቅበትም መጨረሻ ላይ ትንሽ ትንሽ እየለቀቀ ጀርሙን ያለማምደዋል የሚል ስጋት እንዳለ ጻፈ። ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ያስጠነቀቀው ይህንኑ፣ ባነሰ መጠን የሚሰጠውን መድኃኒት ነበር። ልጁ ከመድኃኒት በፊት ናሙና ውሰዱ፣ ውጤቱንም ጠብቁ ብሎ ለመነን። ከወንድሜ የመጀመሪያው ናሙና የተወሰደው ሦስት ዓይነት መድኃኒት ከወሰደ በኋላ ነው።

ከ23 እስከ 26 ክሩ ከመንገድ ወጣ። የባጃጅ ሾፌሮች ማኅበር አባል የሆነ ሰው የአዘዞን መንገድ ጉድጓድ ከሰሰ፤ ሌላው ፍጥነቱን ከሰሰ። አንዲት እናት ወደ ወጌሻ ብትወስዱት ብረቱም ባላስፈለገ ነበር አሉ። እኒህን እናት በአክብሮት ነው የማነሣቸው፤ ወለምታ ያሻቸው ወጌሻ በየሰፈራችን አሉ። አጥንት ቆዳ ቀዶ ከወጣ ግን በመቃ ጠፍሮ ማሰር እግሩን ያጠቁረዋል፤ እንዲህ ሆኖ የመጣ እግር ከጉልበት በላይ ሲቆረጥ ነርሷ ደጋግማ ማየቷን በ25ኛው ጽፋለች። 26ኛው ጠበልን አነሣ። አንድ ካህን አባት መልስ ሰጡበት፦ ይጠጣ፣ ይጸለይ፣ ክፍት አጥንት ላይ ግን አይፈስስ። ሐኪምም የእግዚአብሔር መሣሪያ ነውና አትከልክሉት አሉ። ከዚህ በላይ አልተከራከርንበትም።

27ኛው መልስ ሲመጣ ሁሉም ዝም አለ። ከማክሰኝት የሚጽፍ ሰው ነው። የ19 ዓመት የእህቱ ልጅ የጫነው ጋሪ ተገልብጦበት ቅልጥሙ ተሰብሯል፤ አጥንቱ ይታያል፤ ደሙን ለማቆም ቡና ነስንሰውበታል፤ ወጌሻ ተጠርቷል፤ ሰዓቱ ከምሽቱ 1 ሆኗል፤ ነገ በጠዋት ጎንደር ይዘነው እንምጣ ወይ ብሎ ጠየቀ።

በአምስት ደቂቃ ውስጥ አራት መልስ መጣ። ሲሰዳደቡ የነበሩት የ18ኛውና የ19ኛው ጸሐፊዎች ተከታትለው ያንኑ ነገር ጻፉ፦ ዛሬ። 28ኛው የፋርማሲስቱ ነው፤ መኪና እስኪገኝ ጤና ጣቢያ ውሰዱትና የመጀመሪያዋን መርፌ እዚያው ይውጉት፣ የመንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) መከላከያ መርፌውንም አትርሱ፣ የተሰጠበትን ሰዓት በወረቀት ጽፈው ይስጧችሁ አሉ። 29ኛው የካፕሱሉ ሰው ነው። ምንም እንዳትነሰንሱበት ብሎ ጻፈ፤ መኪና ያለው ዘመዱን ስልክም በግል ላከለት። በ30ኛው ነርሷ ቡናውን አትፈቅፍቁት፣ በንጹሕ ጨርቅ ብቻ ሸፍኑት፣ ከላይና ከታች ያለው መጋጠሚያ እንዳይንቀሳቀስ በጣውላ ደግፉት፣ አታጥብቁት፣ ጣቶቹን እያያችሁ ኑ አለች። 31ኛው የዶክተሩ ነው፤ አጥንቱን ወደ ውስጥ ለመመለስ አትሞክሩ የሚል አንድ መስመር ብቻ።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ሰውየው በ32ኛው መልስ ሰዓቶቹን ብቻ ጻፈ። ስብራት 11 ሰዓት ተኩል፤ መርፌ ማክሰኝት ላይ 2 ሰዓት፤ ጎንደር 3 ሰዓት ከሩብ፤ ቀዶ ሕክምና ክፍል 6 ሰዓት። ሁለት ሰዓት ተኩል! የእኛን አሥራ አምስት አስቤ አለቀስኩ።

33ኛው ስለ ዋጋ ይጠይቃል። በ34ኛው ዶክተሩ መለሱ። ለድሃ አገሮች በነጻ የሚሰጥ፣ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ የራጅ ማሽን ሳያስፈልገው የሚገባ ሳይን የሚባል ብረት እንዳለ፣ ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካዊው ሐኪም በሉዊስ ዘርክል እንደ ተመሠረተና በኢትዮጵያም በጥቁር አንበሳ ጭምር እንደሚሠራበት ነገሩን። የተቀባው ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ውድ ነው። ለሁሉም ይግዛ አይሉም። ሦስተኛ ደረጃ ለሆነ፣ አርፍዶ ለመጣ፣ ስኳር ላለበት ታካሚ ግን ሆስፒታሎች ጥቂት ቢይዙ ይመኛሉ። እኔም በዚህ እስማማለሁ፤ የጀመርኩበትን ጥያቄ አልተውኩትም። ከቆላ ሁለት ቀን ተጉዞ የሚደርስ ሰው ሰዓቱ አልፎበታል፤ ያ ሽፋን ለማን ነው ከተባለ ለሱ ነው። ቅድሚያው የመርፌዋ ይሁን፤ የተቀባው ብረት ግን ቅንጦት ተብሎ አይዘለል።

35ኛው ከወንድሜ እግር የወጣው ብረት ተቀቅሎ ለሌላ ድሃ ቢሰጥስ ይላል። ጠያቂው ቅን ነው። ነርሷ ከሥሩ መለሰች፦ አይሆንም፤ አንዴ ሸክም የተሸከመ ብረት በዓይን የማይታይ ድካም አለው፣ በብሎኑ ቀዳዳ ውስጥ የተጣበቀውም ልጋግ በመቀቀል ብቻ አይለቅም። እናቴ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ያስቀመጠችውን ለሆስፒታሉ እንድመልስ መከረችኝ። እናቴን ለማሳመን እየሞከርኩ ነው።

36ኛው እንደገና ከማክሰኝት ነው። የልጁ ስፌት በ14ኛው ቀን ወጥቷል፤ የገባለት ብረት ያልተቀባ ተራ ብረት ነው። ዶክተሩ እንዳሉት ጠዋት ጠዋት እናቱ በእጇ ጀርባ ሁለቱንም ቅልጥሞች እየዳሰሰች ሙቀታቸውን ታወዳድራለች፤ ከተለያየ፣ ከቀላ ወይም ከረጠበ ያንኑ ዕለት ወደ ጎንደር ይመጣሉ። የወንድሜ የጀመረው በሦስተኛው ሳምንት መሆኑን ከላይ አንብቦ ቀኑን እየቆጠረ ነው። ዛሬ ጠዋት ሁለቱም እኩል ነበሩ። 17ኛ ቀኑ ነው።